ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

የሕይወት ታሪክ የአንድን ሰው ትውልድ፣ ዕድገት፣ ሥራና ፍጻሜ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው ስለ ራሱ የጻፈው እንደ ሆነ ግለ ታሪክ ይባላል፤ ስለ ሌላ ሰው የጻፈው እንደ ሆነ ግን የሕይወት ታሪክ ይባላል። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ሁለተኛውን ነው።

በአገራችን ሰውን በቃል የማወደስ ልማድ የቆየ ነው። በለቅሶ ቤት አልቃሽዋ የሟቹን ደግነትና ጀግንነት ስትዘረዝር ዓመተ ምሕረቱን የሚጠይቃት የለም፤ የእርሷ ተግባር ኀዘንተኛውን ማስለቀስና ሟቹን ማክበር ነውና። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ተግባር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሙገሳ ሰውየውን ከፍ ያደርጋል፤ የሕይወት ታሪክ ሰውየውን ያሳውቃል። ስለዚህ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሚያስመሰግነውን ብቻ መርጦ የቀረውን ሊደብቅ አይገባውም።

የአንድን ሰው ሕይወት ለመጻፍ በምንነሣበት ጊዜ ተፈጥሮ የሰጠችውንና ራሱ የሠራውን ለይተን ማየት ይኖርብናል። ይህ አከፋፈል ለሰው ብቻ ሳይሆን ለምድርም ይሠራል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ አስቀድሞ የጉማራን ወንዝ፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ የርብን ወንዝ ይሻገራል። ሁለቱም ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ክረምት በገባ ጊዜ ከአፋፋቸው እየወጡ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሩዝ ማሳ ማድረግ ግን የሰው ሥራ ነው። እንግዲህ ስለ ፎገራ የሚጽፍ ተማሪ «ፎገራ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው» ብሎ ቢያቆም የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነገረን ማለት ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ከሥራው አስቀድሞ ቁመቱ ይታይ ስለነበረ አንድ አፍሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ይናገራል። ምንባቡን ስታነቡ ሦስት ጥያቄዎችን በአእምሯችሁ ያዙ።

1. ለዚህ ሰው ተፈጥሮ የሰጠችው ምንድን ነው?
2. እርሱ ራሱ የሠራው ምንድን ነው?
3. አስቦት ሳይሆን የቀረው ምንድን ነው?

ለ. ከንባብ በፊት የሚታወቁ ቃላት

ቅርጫት ኳስ፦ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችን አሰልፎ፣ ኳሱን ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለ የብረት ቀለበት ውስጥ ለማስገባት የሚወዳደርበት ጨዋታ።

የመሐል ተጫዋች፦ ብዙውን ጊዜ ከቡድኑ በቁመት የሚበልጠውና ከቀለበቱ ሥር የሚቆመው ተጫዋች። በመከላከል ጊዜ ዋና ሥራው ተጋጣሚዎች ወደ ቀለበቱ እንዳይቀርቡ መጠበቅ ነው።

ኳስ ማገድ፦ ተጋጣሚ የወረወረውን ኳስ ወደ ቀለበቱ ሳይደርስ በአየር ላይ በእጅ መልሶ ማስቀረት።

ኳስ መልቀም፦ ወደ ቀለበቱ ተወርውሮ የሳተውንና ነጥሮ የተመለሰውን ኳስ ቀድሞ መያዝ።

ሐ. ምንባብ

ዲኬምቤ ሙቶምቦ

1. ዲኬምቤ ሙቶምቦ ሰኔ 18 ቀን 1958 ዓ.ም. በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል ሙቶምቦ፣ እናቱ ቢያምባ ማሪ ይባላሉ። ለእነዚህ ወላጆች ከተወለዱት ልጆች አንዱ ነበር። በልጅነቱ እግር ኳስ ይጫወት ነበር፤ ምኞቱ ግን ሐኪም መሆን ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው ቦቦቶ በተባለ የኪንሻሳ ትምህርት ቤት ነው። ይህንንም ትምህርት ቤት የመረጠው ትምህርቱ ጠንከር ያለና ለሕክምና ጥናት መሠረት የሚሆን በመሆኑ ነው።

2. የልጁ ቁመት ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ አባቱና ወንድሙ ይህን ቁመት ተመልክተው ቅርጫት ኳስ እንዲጫወት መከሩት። እርሱም ምክራቸውን ተቀበለ። በዚህ ዕድሜ መጀመር ለጨዋታው ዘግይቶ መድረስ ነበር።

3. እ.ኤ.አ. በ1987 ሙቶምቦ በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በኩል ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሄደው ሐኪም ለመሆን ነበር። ፈረንሳይኛና የአገሩን ቋንቋዎች ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ግን ገና መማር ነበረበት። በዚያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቡድን አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ነበሩ። ቶምሰን ራሳቸው በወጣትነታቸው በቦስተን ቡድን ውስጥ የመሐል ተጫዋች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1984ም ጆርጅታውንን ለአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና አብቅተዋል። ይህን ድል ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ እርሳቸው ናቸው። ቶምሰን ረጅሙን ተማሪ ወደ ቡድናቸው ጠሩት። ሙቶምቦ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው በውድድር ሳይሆን እንግሊዝኛ በመማር ነው።

4. ከዚያ በኋላ ሦስት የውድድር ዓመታት ለጆርጅታውን ተጫወተ። በመሐል ተጫዋችነቱ ነጥብ ከማስቆጠር ይልቅ በማስቀረት ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ላይ 12 ጊዜ ኳስ አገደ። ተማሪዎቹም ከቀለበቱ ሥር ባለው መቀመጫ ተሰብስበው፣ አንድ ኳስ በታገደ ቁጥር በጨርቅ ሰሌዳቸው ላይ የተዘረጋ እጅ ምስል ይለጥፉ ጀመር። በትምህርቱ በኩል ግን የሕክምናን ጥናት ትቶ መስኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሥነ ልሳንና በዲፕሎማሲ ትምህርት ተመረቀ። ተማሪ ሳለም በአሜሪካ ምክር ቤትና በዓለም ባንክ በተለማማጅነት ሠርቷል።

5. በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ የዴንቨር ቡድን ሙቶምቦን በአራተኛነት መረጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዴንቨር ለጥሎ ማለፍ ከምዕራቡ ክፍል በስምንተኛነት፣ ማለት በመጨረሻው ደረጃ አለፈ። የገጠመው ደግሞ አንደኛ የሆነውን የሲያትልን ቡድን ነበር። ከአምስት ጨዋታ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። ዴንቨር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ግን አሸነፈ። ሚያዝያ 29 ቀን 1986 ዓ.ም. በሲያትል የተደረገው አምስተኛው ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት ሳይለይ ቀርቶ በተጨማሪ ሰዓት 98 ለ94 በሆነ ውጤት በዴንቨር አሸናፊነት ተፈጸመ። የመጨረሻውን ኳስ የለቀመው ሙቶምቦ ነበር። የፊሽካው ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ኳሱን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ ያዘ። በአምስቱ ጨዋታዎች 31 ኳስ አግዷል። በዚያ ማኅበር ታሪክ ስምንተኛ ሆኖ ያለፈ ቡድን አንደኛውን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

6. ሙቶምቦ ከዴንቨር በኋላ በአትላንታ፣ በፊላደልፊያ፣ በኒው ጀርሲ፣ በኒው ዮርክና በሂዩስተን ቡድኖች ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ1997፣ በ1998ና በ2001 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸልሟል። በ18 የውድድር ዓመታት 3,289 ኳስ አግዷል፤ በዚያ ማኅበር መዝገብ ከዚህ በላይ ያገደው 3,830 ያስመዘገበው ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዋን ብቻ ነው። ሙቶምቦ ኳስ ካገደ በኋላ አመልካች ጣቱን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዝ ነበር፤ ትርጉሙም «በዚህ በኩል አይታለፍም» ማለት ነው። የማኅበሩ ሻምፒዮና ዋንጫ ግን አንድ ጊዜም አልደረሰውም። ቡድኖቹ እ.ኤ.አ. በ2001ና በ2003 ለፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል።

7. እ.ኤ.አ. በ1997 እናቱ ወይዘሮ ቢያምባ ማሪ በኪንሻሳ በድንገት ታመሙ። በዚያ ጊዜ በከተማይቱ ሁከት ስለነበረ መንገዶች ተዘግተው ነበር። ቤተ ሰቡ ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ስላልቻለ በቤታቸው ሳሉ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሙቶምቦ በስሙ የሚጠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱም በኪንሻሳ 300 አልጋ ያለው ሆስፒታል ለመሥራት ተነሣ። የመሠረቱ ድንጋይ ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ሕንጻው እስኪያልቅ ብዙ ዓመታት አለፉ። ሙቶምቦ ከራሱ ገንዘብ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰጠ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመረቀ፤ ስሙም ቢያምባ ማሪ ሙቶምቦ ሆስፒታል ተባለ።

8. እ.ኤ.አ. በ2009 ሙቶምቦ ለሂዩስተን ሲጫወት እግሩን ተጎድቶ በ42 ዓመቱ ከጨዋታ ተሰናበተ። በ2015 ስሙ በቅርጫት ኳስ ታላላቅ ሰዎች መዝገብ ገባ። ከዚያ በኋላ በአንጎል ካንሰር ታመመ። መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ በ58 ዓመቱ ዐረፈ። ሙቶምቦ ሐኪም አልሆነም። በእናቱ ስም በሚጠራው ቤት ግን ሐኪሞች ይሠራሉ።

መ. የምንባቡ ማብራሪያ

ኃይለ ቃል። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ዋና ሐሳብ ብቻ ይዟል። አንደኛው አንቀጽ ስለ ትውልዱና ስለ ምኞቱ፣ ሁለተኛው ስለ ቁመቱ፣ ሦስተኛው ስለ ጉዞው ይናገራል። ስለ ሆስፒታሉ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ አንዳች አልተነገረም፤ ጊዜው ገና ነውና። ጸሐፊ መጨረሻውን እያወቀ መጀመሪያውን ሲጽፍ መጨረሻውን እንዳያስገባ መጠንቀቅ አለበት። ተጓዥ መንገዱን ተራ በተራ እንደሚያየው አንባቢም ሕይወቱን ተራ በተራ ማየት ይገባዋል።

ቁጥር። ምንባቡ ውስጥ ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ሁሉም ግን ሥራ አላቸው። 3,289 የሚለው ቁጥር ብቻውን ቢቆም ብዙ ይሁን ጥቂት አንባቢ አያውቅም። ከእርሱ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ሲነገር ግን ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል። እንዲሁም ስለ አካባቢያችሁ ስትጽፉ «ብዙ ሩዝ አመረተ» ከማለት ይልቅ ስንት ኩንታል እንዳመረተና አስቀድሞ ከዚያው ማሳ ስንት ያገኝ እንደነበረ መግለጽ ይሻላል።

ምክንያት። በምንባቡ አራተኛ አንቀጽ «የሕክምናን ጥናት ትቶ መስኩን ለወጠ» ይላል እንጂ «ተስፋ ቆርጦ» ወይም «በደስታ» አይልም። የሰውን ልብ ገምቶ መጻፍ ታሪክን ወደ ልብ ወለድ ይለውጣል። ሰውየው ያደረገውን ጻፉ፤ ስሜቱን እርሱ ራሱ ካልተናገረው አትጨምሩበት።

እውነትና ሙገሳ። አንድ ተማሪ ከላይ ያለውን ምንባብ አንብቦ ቀጥሎ ያለውን አጭር አንቀጽ ጻፈ እንበል።

«ሙቶምቦ ታላቅ ሰው እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የታወቀ ነበር። እንደ እርሱ ያለ ተጫዋች በዓለም ታይቶ አይታወቅም። በተሰለፈበት ሁሉ ድል አድራጊ ነበር። ሐኪም የመሆን ምኞቱንም ሆስፒታል በመሥራት ፈጸመ።»

ይህ አንቀጽ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ሰዋስዋዊ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን አራቱም ዐረፍተ ነገሮች ችግር አለባቸው። የመጀመሪያው በመጨረሻ የታወቀውን ነገር ወደ መጀመሪያ ወስዶታል። ሁለተኛው ኦላጁዋንን ረስቷል። ሦስተኛው ሁለቱን የፍጻሜ ሽንፈቶች ሰውሯል። አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው፤ መልካም ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውምና።

አራተኛውን ዐረፍተ ነገር በጥንቃቄ እንመርምረው። ሐኪም መሆንና ሆስፒታል ማሠራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሙቶምቦ አንደኛውን ተመኝቶ አላገኘውም፤ ሁለተኛውን ሠራ። «ምኞቱን ፈጸመ» ብለን ብንጽፍ የቀረበትን ነገር እናጠፋለን። ከዚህም በላይ ለሆስፒታሉ መሠራት ቅርብ የሆነውን ነገር፣ ማለት መንገድ ተዘግቶባቸው በቤታቸው ያረፉትን እናት ከታሪኩ እናወጣቸዋለን። እውነተኛው ታሪክ ከተሸለመው ታሪክ ይልቅ ከባድ ነው፤ ለአንባቢም የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ይህ ጉዳይ እናንተንም ይመለከታል። ከመካከላችሁ ብዙዎች ዛሬ አንድ የትምህርት መስክ ትመኛላችሁ። ከፈተና በኋላ የተመኛችሁት መስክ የሚደርሳችሁ ትኖራላችሁ፤ ሌላ መስክ የሚደርሳችሁም ትኖራላችሁ። «የተመኙ ሁሉ ምኞታቸውን ፈጸሙ» የሚል የሕይወት ታሪክ ሌላ መስክ ለሚደርሰው ተማሪ የሚሰጠው ነገር የለም። «ይህ ሰው የተመኘው ሳይሆን ሲቀር የቀረውን ጊዜ በምን አዋለው?» ብሎ የሚጠይቅና በእውነት የሚመልስ ታሪክ ግን ለዚያ ተማሪ ስንቅ ይሆነዋል።

ሠ. ሰዋስው

1. ሊሆን፣ ሳይሆን፣ ሆኖ

ከአንድ ግሥ የሚወጡ ሦስት ቅርጾች የአንድን ሕይወት ሦስት ገጽታ ሊያሳዩ ይችላሉ። ቀጥሎ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ሙቶምቦ ሐኪም ሊሆን ወደ አሜሪካ ሄደ።
ለ) ሙቶምቦ ሐኪም ሳይሆን ቀረ።
ሐ) ሙቶምቦ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆኖ 18 የውድድር ዓመታት ቆየ።

በ(ሀ) ያለው «ሊሆን» ዓላማን ብቻ ያመለክታል፤ ነገሩ መፈጸሙን አይናገርም። በ(ለ) ያለው «ሳይሆን» የነገሩን አለመፈጸም ይናገራል። በ(ሐ) ያለው «ሆኖ» የተፈጸመን ነገር ይናገራል። ሦስቱን ያደባለቀ ጸሐፊ የታሰበውን እንደ ተሠራ፣ የተሠራውንም እንደ ታሰበ አድርጎ ለአንባቢ ያቀርባል።

2. ቦዝ አንቀጽ በታሪክ አጻጻፍ

«አግዶ፣ ሄዶ፣ ተምሮ» የሚሉት የግሥ ቅርጾች ቦዝ አንቀጽ ይባላሉ። በየመደቡም እንደሚከተለው ይዘረዘራሉ፦ አግጄ፣ አግደህ፣ አግደሽ፣ አግዶ፣ አግዳ፣ አግደን፣ አግዳችሁ፣ አግደው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም፤ ሐሳቡን የሚፈጽምለት ማሠሪያ አንቀጽ ያስፈልገዋል።

ምሳሌ፦ ሙቶምቦ ኳሱን አግዶ ጣቱን ወዘወዘ።

እዚህ ላይ ማገዱ ይቀድማል፤ መወዝወዙ ይከተላል። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽ የድርጊቶችን ቅደም ተከተል ለማሳየት እጅግ ተስማሚ ነው። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፦ የቦዝ አንቀጹ ባለቤትና የማሠሪያ አንቀጹ ባለቤት ልዩ ልዩ በሆኑ ጊዜ ሁለቱም በግልጽ ሊታወቁ ይገባል። «ታምመው ሆስፒታል ሠራ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ማን እንደ ታመመ አያስረዳም። «እናቱ ታምመው ሆስፒታል ሠራ» ብንለው ባለቤቱ ይታወቃል፤ ነገር ግን በሕመማቸውና በሕንጻው መካከል ያለፉት ዓመታትና የእናቱ ሞት ተዘልለዋል። በዚህ ጊዜ ሐሳቡን ወደ ሁለት ወይም ወደ ሦስት ዐረፍተ ነገር መክፈል ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ቦዝ አንቀጾችን ያለ ልክ መደርደር አይገባም። ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ።

«ሙቶምቦ በኪንሻሳ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተምሮ፣ አሜሪካ ሄዶ፣ ኳስ ተጫውቶ፣ ገንዘብ አግኝቶ፣ ሆስፒታል ሠርቶ ዐረፈ።»

ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ሕግ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሁሉም ድርጊቶች እኩል ሆነው ስለ ቀረቡ ዋናው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። የርብ ውሃ በነሐሴ ሜዳው ላይ ሲተኛ ማሳው፣ ድንበሩና የእግር መንገዱ እንደማይለይ ነው። ውሃው ሲሸሽ እያንዳንዱ ማሳ ድንበሩን ይዞ ይታያል። ጸሐፊም ዐረፍተ ነገሩን በተገቢው ስፍራ ሲዘጋ እያንዳንዱ ድርጊት ድንበሩን ይዞ ይታያል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ቦዝ አንቀጽ በላይ ባይገባ ይመረጣል።

3. የአክብሮት አነጋገር

በምንባቡ ውስጥ ስለ ሙቶምቦ «ተወለደ፣ ሄደ፣ ዐረፈ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለ እናቱ «ታመሙ፣ ዐረፉ»፣ ስለ አሠልጣኙም «ጠሩት» ተብሎ ተጽፏል። አማርኛ ስለ አትሌቶችና ስለ ተጫዋቾች ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ በነጠላ መጻፍን ለምዷል፤ ይህም የቅርበት ምልክት እንጂ የንቀት ምልክት አይደለም። ስለ ወላጆች፣ ስለ መምህራንና ስለ አረጋውያን ግን በአንቱታ ይጻፋል። ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ ለአንድ ሰው የጀመራችሁትን እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለባችሁ። በአንዱ ዐረፍተ ነገር «ተወለዱ»፣ በሚቀጥለው «አደገ» የሚል ጽሑፍ አንባቢውን ስለ ሁለት ሰዎች የሚያነብ ያስመስለዋል።

ረ. ዘመን አቆጣጠር

የውጭ አገር ሰው ታሪክ ሲጻፍ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ስሕተት ያመጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ማለት እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል። ከእኛ አዲስ ዓመት ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ድረስ ደግሞ 7 ይቀነሳል።

ሙቶምቦ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1966 ነው። ከ1966 ላይ 8 ሲቀነስ 1958 ይሆናል፤ ቀኑም ሰኔ 18 ነው። ያረፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነው። የእኛ አዲስ ዓመት ስለ ገባ ከ2024 ላይ 7 ብቻ ይቀነሳል፤ ስለዚህ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል።

ይህ ጥንቃቄ ለራሳችን ሰዎች ታሪክም ያስፈልጋል። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በችኮላ 7 የቀነሰ ጸሐፊ 1953 ብሎ ይጽፋል፤ በአንድ ቀን ልዩነት አንድ ዓመት ይስታል።

ወሩ በማይታወቅበት ጊዜ 7 ወይም 8 መቀነስ እንዳለበት መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ዓመቱን ሳይለውጡ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። በምንባቡ ውስጥ አንዳንዱ ዘመን በእኛ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ስለዚህ ነው።

ሰ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ሙቶምቦ ቦቦቶ ትምህርት ቤትን የመረጠው ስለ ምንድን ነው?
2. ወደ ቅርጫት ኳስ የመሩት እነማን ናቸው? ምን አይተው?
3. በጆርጅታውን የመጀመሪያውን ዓመት በምን አሳለፈው?
4. የዴንቨር ቡድን በሲያትል ላይ ያገኘው ድል ያልተለመደ የሆነው ለምንድን ነው?
5. የምንባቡ የመጨረሻ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ላይ ምን ያስረዳሉ?

መልመጃ ሁለት። በመግቢያው ላይ የቀረቡትን ሦስት ጥያቄዎች ሠንጠረዥ ሠርታችሁ መልሱ። በመጀመሪያው ዐምድ ተፈጥሮ የሰጠችውን፣ በሁለተኛው ራሱ የሠራውን፣ በሦስተኛው አስቦት ሳይሆን የቀረውን ጻፉ።

መልመጃ ሦስት። በባዶው ቦታ «ሊሆን»፣ «ሳይሆን» ወይም «ሆኖ» ከሚሉት ተስማሚውን አስገቡ።

1. ልጁ መካኒክ ____ ጋራዥ ገባ፤ ሥራውን ግን ገና አልለመደም።
2. አባቱ አርሶ አደር ____ ዐርባ ዓመት ኖሩ።
3. የተመኘው ____ ቢቀርም ሥራ አልፈታም።
4. እህቱ መምህር ____ ተመርቃ ወደ ደብረ ታቦር ተመደበች።

መልመጃ አራት። ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር ወደ ሦስት ወይም ወደ አራት ዐረፍተ ነገሮች ከፍላችሁ ጻፉ። የትኛው ድርጊት ዋና እንደ ሆነ ለአንባቢ ይታይ።

«ገበሬው ጎርፉ ማሳውን ወስዶበት፣ በሬዎቹን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ የሩዝ ዘር ገዝቶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ዕዳውን ከፈለ።»

መልመጃ አምስት። ቀጥሎ ያሉትን ቀኖች ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሱ። መጀመሪያ 7 ወይም 8 የሚቀነስበትን ምክንያት ጻፉ።

1. እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1994
2. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2006

መልመጃ ስድስት፦ ድርሰት። በወረታ ወይም በፎገራ ቀበሌዎች ከሚኖሩ ሰዎች መካከል አንድ ሰው መርጣችሁ የሕይወት ታሪኩን ወይም የሕይወት ታሪኳን በአምስት አንቀጽ ጻፉ። ሩዝ ቀድመው ከዘሩ አረጋውያን አንዱን፣ አዋላጅ ነርስን፣ ጡረታ የወጡ መምህርን፣ ወይም በደብረ ታቦር መንገድ ለብዙ ዓመት ያሽከረከሩ ሾፌርን ልትመርጡ ትችላላችሁ። ሰውየውን ስታነጋግሩ ቢያንስ ቀጥሎ ያሉትን ጠይቁ፦ መቼና የት ተወለዱ? ልጅ ሳሉ ምን ለመሆን ያስቡ ነበር? አሁን የሚሠሩትን ሥራ እንዴት ጀመሩት? በሥራዎ ምን ተሳካ? ምንስ ሳይሆን ቀረ? ያገኛችሁትን መልስ ጽፋችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ለባለ ታሪኩ አንብቡላቸው፤ ያልተናገሩትን ጨምራችሁ እንደ ሆነ አውጡት። ሳይሆን የቀረውን ነገር ግን እርሳቸው ካልከለከሏችሁ በስተቀር አታውጡት።